ልምጭ ያስተማረን መደበቅን ነው

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ!

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ የደሴ ሰዎች! የተጋበዝሁት ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር እንድናገር ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ልምጭ እናገራለሁ።

ሐይቅ አካባቢ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ይዘረጋ ነበር። እኔ ከብቶቹን ለእረኛ አስረክቤ ስለምመጣ አረፍዳለሁ። በኅዳር ብርድ በደነዘዘ መዳፍ ላይ ያረፈ የወይራ ልምጭ ሕመሙ እስከ ክርን ይዘልቃል። በአምስተኛው ቀን በሩ ላይ አልታየሁም። ባሕር ዛፍ ሥር ተሸሽጌ የእረፍት ደወል ጠብቄ ከሚጫወቱት ጋር ተቀላቀልሁ። ማታ እናቴ «ምን ተማርህ ልጄ?» ስትለኝ ማባዛት ብዬ ዋሸኋት። ሳምንታት እንዲህ አለፉ።

ሥነ ልቦና ለዚህ ስም አለው። ልምጩን ያራቀልኝ መደበቄ ስለሆነ በማግሥቱም ተደበቅሁ። የሚያሳምም ነገር ሲወገድ፣ ያስወገደው ድርጊት ይበረታል፤ አሉታዊ ማጠናከሪያ ይባላል። ብዙዎች ከቅጣት ጋር ያምታቱታል። ቅጣት ድርጊትን ለመቀነስ ነው፤ ማጠናከሪያ ግን ምንጊዜም ያበረታል። መምህሬ ማርፈዴን የቀጡ መስሏቸው መደበቄን አጠናከሩት!

ቅጣት ራሱም ድርጊትን የሚገታው ለጊዜው መሆኑን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ሥራ አሳይቷል። ዘንግ በመጫን ምግብ ማግኘት የለመዱ አይጦች ምግቡ ተቋረጠባቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ሲጫኑ መዳፋቸው ይመታ ነበር። የተመቱት ለጊዜው ተዉት። ምቱ ሲቀር ግን ተመለሱበት፤ በመጨረሻም ካልተመቱት ጋር እኩል ሆኑ።

ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ታዲያ ልምጩ ዛሬም ምን ያደርጋል? «እኛም ተመትተን ነው ሰው የሆንነው» አትበሉኝ! ተመትተው የሸሹት እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሉም! እነርሱን ማን ጠየቃቸው?

ስለ ማበረታታት በአጭሩ፦ ልጁ ደህና ሲሠራ ወዲያው ንገሩት፤ የሠራውን ለይታችሁ ጥሩለት። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም።

ስገባ ከመምህራን ክፍል በር ጀርባ አንድ ልምጭ ተደግፎ አይቻለሁ። ከዚህ ስንወጣ አብረን እናውጣው።

አመሰግናለሁ።