ክረምት ሲል ዝናብ መስሎኝ

እሺ። ቀዩ መብራት በርቷል፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ የአከራዬን ጉዳይ ልቀጥል ቃል ገብቼ ነበር አይደል? ይቆየን። ዛሬ ስለ መኪና መስታወት ማጠቢያ ውሃ ነው የማወራው። አትሳቁ። ቀልድ አይደለም። ማለቴ፣ ትንሽ ቀልድ ነው።

ታናሼ ህዳር ላይ ደወለ። እዚህ አዳማ ማታ 3 ሰዓት፣ እዚያ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ፣ እኩለ ቀን። መኪናዋን ከገዛ ገና ወሩ ነበር። «እታለም፣ ለክረምቱ መስታወት ማጠቢያው ውስጥ ምን ልጨምርበት?» አለኝ። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዣለሁ። «ለክረምትማ ውሃ በቂ ነው፤ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርግበት» አልኩት። በቃ። ወደ ሽሮዬ።

ክረምት ሲል ዝናብ መሰለኝ። ሐምሌ መሰለኝ፣ ጭቃ መሰለኝ። ግን እኮ ህዳር ነው! ህዳር ላይ አዳማ ምን ክረምት አላት? አቧራ ነው ያላት። ንፋስ ነው ያላት። እዚያ ኮረብታ ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። አንድ ሰከንድ ባስብ ኖሮ በረዶ ማለቱ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ እንደገና ደወለ። እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። ሀይዌይ ላይ ነው፣ ከፊቱ ከባድ መኪና አለ። እዚያ በረዶው እንዲሟሟ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። የከባድ መኪናው ጎማ ያንን የጨው ጭቃ እየረጨ መስታወቱን ነጭ አደረገበት። እሱ ማጠቢያውን ሳበ። ውሃው ወጣ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። የሞተሩ ሙቀት ይሆናል፣ ጋኑ ውስጥ አልረጋም። መስታወቱን ሲነካ ግን፣ በዚያ ብርድና ንፋስ፣ እዚያው በረዶ ሆነ። ዋይፐሩ ደግሞ አዳረሰው። የመታጠቢያ ቤት መስኮት ታውቃላችሁ? ብርሃን ያስገባል፣ ሰው አያሳይም። እንደሱ።

«ስንት ሰከንድ?» አልኩት።
«እንጃ። አራት?»

አስልቼዋለሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ ከ110 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኳስ ሜዳ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዓይን ጨፍኖ። ከዚያ የጎኑን መስኮት ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን አውጥቶ፣ ዳር ያዘ። «ጆሮዬ የወደቀ መሰለኝ» ብሎ ይስቃል።

«ምን ነበር የጨመርክበት?» አልኩት።
«እንዳልሽኝ» አለ።

እንዳልሽኝ። በቃ ይሄው ነው። ወቀሳ የለበትም። ፈልጌያለሁ። ሌሊት ተኝቼ ሁሉ ድምፁን አስታውሼ ፈልጌያለሁ። ዝም ብሎ ነው ያለው፣ ሰው «ጨው ስንት አደረግሽ?» ሲሉት እንደሚመልሰው። እንዳልሽኝ።

ይኸው፣ ጋሽ ዶሮ ጀመረ። ጎረቤቴ ለፋሲካም አላረደውም፤ እኔን ለመጨረስ ነው የሚቀልበው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ሲመሽብኝ ነው የምጎብዘው፣ ታውቁኛላችሁ። እዚያ የሚሸጠው ሰማያዊው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ውሃና ሜታኖል ነው፣ አልኮል። የማያስረጋው እሱ ነው። ጀሪካኑ ላይ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚችል ተጽፏል፤ በፋራናይት 0 የሚል አለ፣ 20 ከዜሮ በታች የሚል አለ። የበጋው ደግሞ የነፍሳት ቆሻሻ ለማንሳት ነው፣ ለብርድ አይሆንም። የብርዱ ላይ ውሃ ከቀላቀልክበት ደግሞ ጀሪካኑ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት ሆነ ማለት ነው። አዲሱን ስትሞላም አሮጌው ቱቦው ውስጥ አለ፣ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ መርጨት አለብህ። አጥብቆ የሚበርድ ከሆነ ደግሞ መስታወቱን መጀመሪያ በማሞቂያው ማሞቅ ነው። አልኮሉ በንፋስ ቶሎ ይተናል፣ የሚቀረው ውሃ ነው፣ ውሃው ደግሞ... አዎ።

ይሄን ሁሉ ለሰፈራችን መካኒክ ብነግረው «ኩላንት አይጨምርበትም?» አለኝ። አይጨምርም! ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ መስታወት ላይ እንደ ቅባት ነው፣ ይባስ ያደበዝዛል። ተከራከርን። አሸነፍኩት። እኔ፣ በሕይወቴ በረዶ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ያየሁ ሴትዮ።

እማሆይንም ከፍቼ አየሁ። መኪናዬን ማለቴ ነው፣ ለአዲስ አድማጮች፤ ነጭ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ትስላለች። ሳሙናው ደርቆ አንደኛውን ቀዳዳ ደፍኖታል። በአንዱ ብቻ ነው የምትረጨው፣ ለዚያውም ወደ ጣሪያው። የፍጥነት መንገዱን 85 ኪሎ ሜትር እንዲህ ሆኜ ስንት ጊዜ ሄጄዋለሁ። የገዛ ምክሬ እኔ ጋ እንኳን አይሠራም ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ታናሼ ምን ይለኛል? የተረፈውን ሰማያዊ ፈሳሽ መኪናው ውስጥ እንዲይዘው ሃይላንድ ውስጥ ገልብጦታል። የሁለት ዓመት ልጅ አለው! ጮህኩ። ሜታኖል እኮ ትንሹ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። «አሁኑኑ ድፋው» አልኩት። ከዚያ ጮክ ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁት። በዚያው ድምፅ ነው፣ ያኔም በእርግጠኝነት የተናገርኩት። ልዩነቱ አሁን ልክ መሆኔ ነው። እሱ ግን ልዩነቱን በምን ያውቃል? በሁለቱም ጊዜ እሺ ነው ያለኝ።

ዝናብ መስሎኝ እንደነበር አልነገርኩትም እስካሁን። ሽሮ እያማሰልኩ እንደነበርም። ምን ብዬ ልጀምረው? ሽሮውም ያን ቀን ከሥሩ ያዘብኝ፣ ለነገሩ።

ስልኬ ላይ የሚኒያፖሊስን አየር ጭኛለሁ። የአዳማን ትቼ እሱን ነው የማየው። ዛሬ ከዜሮ በታች 22 ይላል። ስንት ሰዓት ነው እዚያ አሁን... ጠዋት ነው፣ ወደ ሥራ የሚወጣበት ሰዓት። ልደውልለት እንዴ? እየነዳ ከሆነስ። እየነዳ ቢያነሳው...