ቤቱን በክፉ ሰዓቱ እዩት፦ በጅማ ለአዲስ ተከራዮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዝግጅቱ አስተባባሪዎች፣ በዚህ ዓመት ተመድባችሁ ወደ ጅማ የመጣችሁ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የቢሮ ሠራተኞች፣ እንኳን ወደ ከተማችን በደኅና መጣችሁ።

ስለ ቤት ኪራይ እንድናገር ስጠየቅ ያቀረብኩት ማመካኛ ሕግ አዋቂ አለመሆኔን ነበር። እኔ የኤሌክትሪክ ገጣሚ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የዚህችን ከተማ ግድግዳ ስቦረቡር ኖሬአለሁ፤ የራሴን ጎጆ እስክቀልስ ድረስም በሕርማታ፣ በቆጪ፣ በአጂፕና በጅሬን በኩል እየተዘዋወርኩ ሰባት ቤት ተከራይቻለሁ። አስተባባሪዎቹ «የምንፈልገውም እሱኑ ነው» ስላሉኝ እነሆ ቆሜአለሁ።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር፤ ቤት መታየት ያለበት በክፉ ሰዓቱ ነው። ደላላ ቤት የሚያሳያችሁ ግን ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ቤቱ ተጠርጎና መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ላይ በዋለበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ እናንተ የመጣችሁት በኅዳር ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ዝናቡም ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ሙሉ በሙሉ አይለቃትም። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል የሚያፈሰው ቆርቆሮና የማያፈሰው ቆርቆሮ አንድ ይመስላሉ፤ የኪራይ ዋጋቸውም እንደዚሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ የራሳችን ጠባይ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ እሱም ይሉኝታ ነው። የጅማ ሰው እንግዳ ይወዳል። ቤት ልታዩ ገብታችሁ ገና ከበሩ ሳታልፉ እናት አከራይዋ ከሰል ያያይዛሉ፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ቡናው ይቆላል። ሦስት ስኒ ጠጥቶ፣ «ልጄ» ተብሎ ተጠርቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ የሰው መጸዳጃ ቤት ገብቶ ውሃ የሚለቅ ማን ነው? እኔ አልቻልኩም፤ ሁለት ጊዜ ባለመቻሌም ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ ቧንቧው ከቡናው ይቅደም። ገና ስትገቡ «እማማ፣ ካላስቸገርኩዎት መጀመሪያ ቤቱን ልይ፤ ቡናውን ከዚያ በኋላ ተረጋግቼ እጠጣለሁ» ብትሏቸው የሚቀየም ሰው አይኖርም። የሚቀየም ካለም ውል ከመፈረም በፊት ማወቁ ይሻላል።

ዝናቡ ሄዷል፤ አሻራው ግን ቤቱ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ፤ ሻይ ፈስሶበት የደረቀ ወረቀት የመሰለ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ካለ ከላዩ ያለው ቆርቆሮ ያፈስሳል ማለት ነው። ክቦቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ከተደራረቡ ያፈሰሰው አንድ ክረምት ብቻ አይደለም። ከዚያ ጎንበስ በሉና የግድግዳውን የታችኛውን ግማሽ ሜትር በስልካችሁ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ቀለሙ ያበጠበት፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው የወጣበት ቦታ ከመሠረቱ እርጥበት የሚስብ ነው። ልስኑን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት፤ ባዶ ቆርቆሮ እንደሚመታ ከጮኸ ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል። ቀለሙ ከታች ብቻ አዲስ ሆኖ ከላይ አሮጌ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ሙሉ በሙሉ ትናንት የተቀባ ከሆነ፣ «ከመቀባቱ በፊት ምን ይመስል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁም ሣጥን ካለ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ ከኋላው አሽትቱ። የእንጨት በሩንም ዝጉት። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ብትሆንም ክረምት ላይ እንጨት ማበጡ አይቀርም፤ የበሩ ጠርዝ በቅርቡ ተልጎ እንጨቱ ነጭ ሆኖ ከታየ ባለፈው ሐምሌ ያ በር አልዘጋ ብሎ ነበር።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ያየሁት በጥር፣ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ግድግዳው ወተት የመሰለ፣ ወለሉ የሚያበራ፣ ከአዌቱ ወንዝም ብዙ ያልራቀ ቤት ነበር። ደስ ብሎኝ የሦስት ወር ከፈልኩ። ሰኔ ሲገባ ከአልጋዬ ራስጌ ጥቁር ነጠብጣብ ታየኝ፤ በጨርቅ ጠረግኩት፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ በሐምሌ ከፍራሼ ሥር ያለው ካርቶን እንደ ቆጮ ለስልሶ በእጄ ላይ ተቆራረጠ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት መጻሕፍቴን ከታችኛው መደርደሪያ ሳወጣቸው ገጾቻቸው ተጣብቀው ነበር። አከራዬን ስጠይቃቸው «ይኸ እኮ የጅማ አየር ነው» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ የጅማ አየር ነው። ነገር ግን ከጎኔ ያለው፣ አሸንዳ ያለውና መሠረቱ ከፍ ያለው ቤት በዚያው አየር ደረቅ ነበር።

ስለ ጎርፍም ስትጠይቁ የጥያቄው አጠያየቅ ለውጥ አለው። «እዚህ ጎርፍ ይገባል?» ካላችሁ መልሱ «ኧረ በጭራሽ» ነው። በአዌቱ ዳርም ሆነ በኪቶ በኩል ዝቅ ያለ ሰፈር ካያችሁ ጎረቤቱን፣ በተለይ ደጃፍ ላይ የሚቸረችረውን ባለ ሱቅ፣ «ባለፈው ክረምት ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?» በሉት። በእጁ ያሳያችኋል።

ውሃም እንደዚሁ ነው። «ውሃ ይገባል?» ለሚለው ጥያቄ የማያወላዳ መልስ «ይገባል» ነው፤ ምክንያቱም ቧንቧው ገብቷል። የሚጠየቀው መጨረሻ የገባው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከዚያስ በፊት መቼ እንደነበር፣ ሌሊት ከሆነም ማን ነቅቶ እንደሚቀዳ ነው። በግቢው የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች ቁጠሩ፤ የመታጠቢያ ክፍሉን ሻወር ቀና ብላችሁ እዩ፣ ሸረሪት አድርታበት ከሆነ ውሃ ከወጣበት ቆይቷል። ሮቶ ካለ መጠኑንና የሚጋሩትን ሰዎች ቁጥር ጠይቁ። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ትልቅ ይመስላል፤ አራት አባወራ፣ እያንዳንዱ አራት ሰው ቢኖረውና አንድ ሰው በቀን በቁጠባ 25 ሊትር ቢጠቀም ግን በአምስት ቀን ያልቃል። ፈረቃው ከአምስት ቀን ከዘለለ ቀሪው በእናንተ ጀርባ የሚሸከም ነው። ኮንዶሚኒየም ወይም ፎቅ ቤት ለምታዩ ደግሞ፣ ውሃ 10 ሜትር ከፍ እንዲል ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ስለሚያስፈልገው፣ የመስመሩ ግፊት ደካማ በሆነ ቀን ላይኛው ፎቅ ያለ ፓምፕ ደረቅ ነው። ፓምፕ ካለ መብራቱን የሚከፍለው ማን ነው? ሲበላሽስ?

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብረዝም ይቅርታ አድርጉልኝ።

የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ከሚወስዱት የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። የተለመደው ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ይህን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ምጣድን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ሲሸከም ዳር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ለምጣድ ለብቻው የተሳበ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር መኖር አለበት። ብዙ የግቢ ቤቶች ግን ከዋናው ቤት በቀጭን ሽቦ የተቀጠሉ ናቸው። ስለዚህ «ምጣድ የሚሰካው የት ነው?» ብላችሁ ሶኬቱን አስጠቁሙና ቀርባችሁ እዩት፤ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጠቁረው ወይም ፕላስቲኩ ወደ ቢጫ ተለውጦ ከሆነ ሶኬቱ ሲነድ ኖሯል። የማከፋፈያ ሣጥኑ ክዳን ተከፍቶ ይታይ፤ በእጃችሁ ግን እንዳትነኩት። በፊውዝ ምትክ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ሣጥን ካያችሁ ያ ቤት ጠባቂ የለውም። ሻወሩ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከተገጠመ የመሬት መስመር፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ መኖሩን በባለሙያ ሳታስመረምሩ ሥሩ አትቁሙ፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም።

ሌላው የመብራት ክፉ ሰዓት ማታ ነው። ቀን ያያችሁትን ቤት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተመልሳችሁ እዩት፤ አምፑል አብሩና ዝም ብላችሁ ለአሥር ደቂቃ ተመልከቱት። ጎረቤት ምጣድ ሲያበራ አምፑላችሁ እንደ ኩራዝ ከፈዘዘ፣ የምትገዙት ማቀዝቀዣ ዕድሜ ከወዲሁ ታውቋል። በዚያው ሰዓት መንገዱ መብራት እንዳለው፣ ባጃጅ እስከ ደጃፍ እንደሚገባ፣ የጎረቤቱ ጭፈራ ቤት ስንት ሰዓት እንደሚከፈትም ታውቃላችሁ።

ቆጣሪውን ደግሞ ለብቻው ልጥቀሰው፤ ሰው ሳያውቀው የሚከስርበት ቦታ ይኸ ነው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው ዝቅተኛው እርከን ሲሆን፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ከ500 በላይ ያለው የመጨረሻው ውድ እርከን ይሆናል። አራት አባወራ እያንዳንዳቸው በወር 90 ቢጠቀሙ፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ካላቸው ከ100 በታች ባለው ርካሽ እርከን ይቀራሉ። አንድ ቆጣሪ ከተጋሩ ግን ድምሩ 360 ስለሚሆን ሁሉም አንድ ላይ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣሉ። አከራዩ ንዑስ ቆጣሪ ቢያስገጥምም የሚያስተካክለው ክፍፍሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጋራው፣ የካርድ ወይም የድህረ ክፍያ መሆኑን ጠይቁ። የድህረ ክፍያ ከሆነ የመጨረሻውን የተከፈለ ደረሰኝ ማየት መብታችሁ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስምም በኋላ ለማነሣው ጉዳይ ይጠቅማችኋል።

ስለ መጸዳጃው አላበዛም። ስንት ሰው እንደሚጋራው፣ ጉድጓዱ መቼ እንደተመጠጠ፣ የመምጠጫ መኪናውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ጠይቁ። ግቢው የውሃ ጉድጓድ ካለውና «ለመጠጥም ይሆናል» ከተባላችሁ ከመጸዳጃው ያለውን ርቀት በእርምጃ ለኩ፤ ቢያንስ 30 ሜትር ካልራቀ፣ ወይም መጸዳጃው ከጉድጓዱ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ውሃው ለወለል ብቻ ይሁን።

ቤቱን ወደዳችሁት እንበል። ገንዘብ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት የደላላውን ድርሻ መጠን በግልጽ ተነጋገሩ፤ ከዚያም ቁልፉን የያዘው ሰው ቤቱን ማከራየት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና መታወቂያውን፣ ወኪል ከሆነም ውክልናውን ማየት ነውር አይደለም። ካርታው ሩቅ ከሆነ የመብራት ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ጅምር መረጃ ይሰጣችኋል። ቀብድ ከሰጣችሁ በወረቀት ላይ «ቀብድ» ተብሎ፣ በምን ቀን ምን እንደሚፈጸም ተጽፎ ይፈረም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን የሚያውቅ አከራይ በማግስቱ የተሻለ ዋጋ ለሰጠ ሰው ቤታችሁን አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይደነግጋል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ ክልሉ በሚወስነው የሚመራ ስለሆነ ምዝገባው እንዴት እንደሚካሄድ ከመፈረማችሁ በፊት በቀበሌያችሁ ጠይቁ። የእኔን የሦስት ወር ቅድመ ክፍያ ያስታወሰ ሰው ካለ፣ ያ ዘመን ሌላ ነበር። አንድ ነገር ግን ለእናንተ ልዩ ነው። የከተማው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሉ በቁቤ ተጽፎ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ካላነበባችሁት የሚያነብላችሁ የራሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ደላላው ተርጓሚ አይሁን። ስለ ዋጋ ጭማሪ፣ ስለ ጥገና፣ ስለ እንግዳ ማሳደር፣ ስለ በር መዝጊያ ሰዓት በቃል የተባለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ መኖሩን አንቀጽ በአንቀጽ አስነብቡ።

በርክክቡ ቀን የቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ የቁልፎቹን ቁጥር ዘርዝራችሁ በሁለት ቅጂ ተፈራረሙ፤ በስልክም ፎቶ አንሡ። የበሩን ቁልፍ ጎጆ በዚያው ቀን አስቀይሩ፤ ከእናንተ በፊት የነበሩት ተከራዮች ስንት ቅጂ እንዳስቀረጹ አከራዩም አያውቁም።

ወደዚህ አዳራሽ ስገባ ሁለት ወጣት መምህራን በመንቲና በኩል ስላዩት ቤት ጠይቀውኛል፤ ነገ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አብሬአቸው ሄጄ ሶኬቱን አያለሁ። ሌላም መምጣት የሚፈልግ ካለ ባትሪ ይዞ በአዳራሹ በር ላይ ይጠብቀን። አመሰግናለሁ።