ሣሩን ከመሃል ጀምራችሁ እጨዱ

[ምስል፦ በጸደይ የለመለመ የሣር ማሳ፤ ትራክተር ከዳር ሲገባ]

ብዙ ሰው ሣር በማሽን ሲያጭድ ከማሳው ዳር ይጀምርና እየዞረ ወደ መሃል ይገባል። ለሥራ ይመቻል። ሣሩ ውስጥ ላሉት እንስሳት ግን ወጥመድ ነው። ጥንቸሏም፣ መብረር ያልጀመረው ጫጩትም ድምፁን ሸሽተው ወዳልታጨደው ይገባሉ፤ እሱ ደግሞ በየዙሩ እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻ የቀረችው ቁራጭ ውስጥ ሁሉም ተጠጋግተው ሳለ ማሽኑ ይደርስባቸዋል።

[ምስል፦ ማሳው ከላይ ሲታይ፤ ቀስቱ ከመሃል ወደ ዳር]

ከመሃል ጀምሩና በዝግታ ወደ ዳር እየሰፋችሁ እጨዱ። ዳሩ ላይ ረዘም ያለ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ከተዋችሁ፣ እንስሳቱ ሜዳ ላይ ሳይጋለጡ ወደዚያ ይወጣሉ።

በዚህ የማይድን አለ፤ አዲስ የተወለደ የአጋዘን ግልገል። እሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አደጋ ሲመጣ አይሮጥም፤ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ ይተኛል። ከአውሬ የሚሰውረው ይኸው ጠባዩ ስለት ፊት ይገድለዋል። ስለዚህ ከማጨዳችሁ በፊት ሣሩን በእግር አስሱ፤ ወይም በማለዳ፣ መሬቱ ሳይሞቅ፣ ሙቀት የሚለይ ካሜራ ባለው ድሮን ፈልጉ። ግልገሉን ብቻውን ስታገኙት እናቱ የጣለችው እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያው ናት፣ ልታጠባው ትመለሳለች። ማሽኑ የሚያልፍበት ካልሆነ አትንኩት። የሚያልፍበት ከሆነ በጓንትና በእቅፍ ሣር አንሥታችሁ ጥላ ያለው የማሳ ዳር ላይ አስቀምጡት።

[ምስል፦ ሣር ሥር የተሠራ ጎጆ፣ እንቁላሎች]

መሬት ላይ ጎጆ ለሚሠሩ ወፎች ግን የአስተጫጨድ ስልት ብቻ አይበቃም። እንቁላል አይሮጥም። የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ነው፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ጥቂት ሳምንታት። ሣር ሲያረጅ ለከብት ያለው ጥቅም እንደሚቀንስ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ማሳውን በሙሉ አቆዩት አልልም። ወፎች ደጋግመው የሚያርፉበትን ክፍል ለዩና መጨረሻ ላይ እጨዱት። የቁጥቋጦ አጥር መከርከምም እስከዚያ ይቆይ።

[ምስል፦ አባጨጓሬ በአፏ የያዘች ትንሽ ወፍ]

ጎጆው ቢተርፍም ምግብ ከሌለ ዋጋ የለውም። ጥሬ የሚበሉ ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው። በሰሜን አሜሪካ ያለችው የካሮላይና ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ጥንዶቹ የአንድ ጎጆ ጫጩቶችን ለማብረር ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ይለቅማሉ። አባጨጓሬ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በአገር በቀል ዛፎች ላይ ነው፤ ብዙዎቹ የባዕድ ዛፍ ቅጠል አይስማማቸውም። እናም በዚህ ወቅት የተበላ ቅጠል ስታዩ ወደ መርጫው አትቸኩሉ።

[ምስል፦ ፀሐይ የሚያገኘው ባዶ መሬት፣ ትናንሽ ቀዳዳዎች]

አንድ ነገር ልጨምር። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው፣ ዙሪያቸውን ደቃቅ አፈር የተከመረባቸው ቀዳዳዎች ካያችሁ የጉንዳን ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። አብዛኞቹ የዱር ንቦች ቀፎ የላቸውም፤ እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ መሬት ቆፍራ ትፈለፍላለች። ያንን ቦታ አታርሱት፣ በጉዝጓዝም አትሸፍኑት።