መጠየቅሽ ራሱ መልስ ነው

እሺ። «ደግሞ ሴኔት?» ልትሉ ነው፤ አዎ፣ ደግሞ ሴኔት። ቻሉኝ።

ኦክቶበር 13፣ 2020። ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጨችው ኤሚ ኮኒ ባሬት የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ፊት ተቀምጣለች። ሴናተር ክሎበሻር ትጠይቃታለች፦ ፅንስ የማቋረጥ መብትን ያጸናው ሮ ቪ ዌድ ሱፐር ፕሪሲደንት ነው ወይ? ፕሪሲደንት ፍርድ ቤት በኋላ የሚመራበት ቀዳሚ ውሳኔ ነው፤ ሱፐር ሲሆን ደግሞ፣ ማንም የምሩን «ይሻር» የማይለው ውሳኔ፣ ተማሪን በዘር መለየትን እንደከለከለው እንደ 1954ቱ ብራውን። ባሬት ምን ትላለች? ስለ ሮ ይህን ያህል ጥያቄ መቅረቡ ራሱ ሮ ከዚያ ምድብ እንዳልሆነ ያሳያል።

ቆይ፣ ይሄን አንዴ እንየው። ሴትዮዋ ሮን ለማዳን ትጠይቃለች፤ መጠየቋ ሮ አከራካሪ ለመሆኑ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርባታል። ዝም ብትል ደግሞ ነገሩ ሳይነሳ ያልፋል። በየት ትውጣ? ከዚያ በ2022 ፍርድ ቤቱ ሮን ሲሽር፣ ሰው ሁሉ «ዳኞቹ ሲታጩ ሸወዱን» ይላል። ባሬት እንኳ አልሸወደችም እኮ! ፊት ለፊት ነው የነገረቻቸው።

ሌላው ዳኛ ካቫኖ ይለያል። እሱ በ2018 ሲታጭ ሮ «በፕሪሲደንት ላይ ፕሪሲደንት» ነው አለ፤ የ1992ቱ የኬሲ ውሳኔ ስላጸናው። ይሄ ያለውን መግለጽ ነው፣ «አልነካውም» ማለት አይደለም። 50 ለ48 አለፈ።

የያዘው ወንበር ደግሞ… በ1987 ፕሬዚዳንት ሬገን ለዚያ ወንበር ዳኛ ቦርክን አጨ። ቦርክ አፉን ከፍቶ ያመነበትን ተናገረ፤ 58 ለ42 ጣሉት። በምትኩ ዳኛ ኬኔዲ በ97 ለ0 ገባ፣ ኬሲ ላይ የሮን ዋና ነገር ካተረፉት አንዱ ሆነ። እሱ ጡረታ ሲወጣ ካቫኖ። አንድ ወንበር ነው ይሄ ሁሉ።

እና ዕጩ ለምን ይናገራል? በኤፕሪል 2017 ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገው 60 ድምፅ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩ ቀረ፤ ተራ አብላጫ በቃ። ያኔ ዕጩ የነበረው ጎርሰች 54 ለ45 አለፈ። ባሬት 52 ለ48፣ ምርጫው 8 ቀን ሲቀረው፣ ያለ አንድ ዴሞክራት ድምፅ። ስለዚህ ጥፋቱ የደንቡ ነው ልል ነበር… ግን ዳኛ ቶማስም በ1991 በዚያው በ52 ለ48 ነው ያለፈው፣ ደንቡ ሳይነካ። ያኔ በ60ው ሊያግደው የቆመ አልነበረም። እንግዲህ ደንቡ ነው ወይስ ልማዱ? ተዉት።

ጁን 24፣ 2022 ሮን የሻሩት አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከላይ የጠራኋቸው አዲሶቹ፣ ከነባሮቹ ከአሊቶና ከቶማስ ጋር። የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮበርትስ ከ15 ሳምንት በኋላ ማቋረጥን የሚከለክለውን የሚሲሲፒ ሕግ ብቻ አጽንቶ ሮን ሳይሽር ሊያልፍ ነበር።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ክሎበሻር ምን ብላ ብትጠይቅ ይሻል ነበር የሚለው ነው። ምናልባት የሮን ስም ሳታነሳ፦ ሰው ሕይወቱን የመሠረተበትን ውሳኔ ለመሻር ምን ያህል ስህተት ይበቃሻል? ኬሲን ያቆመው እኮ ይሄው መመዘኛ ነው። ባሬት ግን «ፊቴ ሊቀርብ የሚችል ጉዳይ ነው» ትልና… እ… ወይም ደግሞ ብትመልስስ? 52ቱ ድምፅ እንደሆነ አስቀድሞ…