ሁለት ፊደል ብቻ ደረሰ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ! ስልኩን አታስቀምጡት። የማወራው ስለሱ ነው።

ብዙዎቻችሁ ኮምፒውተር ስጠግን ነው የምታውቁኝ። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ አዳማ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር፣ በደቂቃ 25 ሳንቲም። መስመሩ ሲገናኝ የሚያሰማው ሲርሲርታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው ወጥቶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ሂሳቡ ግን ይቆጥራል። ምን ላድርግ፣ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

ያኔ ልጆች "ኢንተርኔትን የፈጠረው ማነው?" ይሉኝ ነበር። አንድ ስም ብጠራላቸው ደስ ባላቸው። ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አጀማመሩም በብልሽት ነው።

ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሎስ አንጀለስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል። ቻርሊ ክላይን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ሌላ ኮምፒውተር አለ። ሁለቱን ያገናኘው የአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ የመደበለት አርፓኔት የተባለ መስመር ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ "ሎግኢን"፣ "ልግባ" እንደማለት ነው፣ ብሎ ሊጽፍ ጀመረ። ኤል የምትባለዋን ፊደል ነካ፤ እዚያ ማዶ ያለው ሰው መድረሱን በስልክ ነገረው። ኦ የምትባለዋን ነካ፤ ደረሰ። ጂ የምትባለዋን ሲነካ የማዶው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። የመጀመሪያው መልእክት እንግዲህ ሁለት ፊደል ነው። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ አስተካክለው ሙሉውን ላኩ። "ኔትወርክ የለም" እያላችሁ የምትናደዱ ካላችሁ፣ ነገሩ ሲወለድም እንዲህ ነበር።

አሁን የአዳማ ልጅ ከማንም በላይ ወደሚገባው ነገር ልግባ። ከጅቡቲ የሚመጣውን ተሳቢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌን፣ አዋሽንና መተሐራን አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል። አንድ መርከብ ሙሉ እህል በአንድ መኪና አይመጣም። ተከፋፍሎ በብዙ መኪና ይጫናል። እያንዳንዱ ሾፌር ጭነቱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር ወረቀት ይይዛል። አንዱ ጎማ ይፈነዳበታል፣ ሌላው ቀድሞ ይገባል። መንገድ ከተዘጋ ይዞራል። መጋዘን ሲደርስ ይቆጠራል።

ኢንተርኔትም ይኸው ነው። 3 ሜጋባይት ፎቶ ስትልኩ ከ2000 በላይ ቁራጭ ሆኖ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻና ተራ ቁጥር አለው። የኋለኛው ቀድሞ ቢደርስ ችግር የለም፣ እዚያ በተራው ይሰደራል። አንዱ መንገድ ላይ ከጠፋ ላኪው ያንኑ ደግሞ ይልካል። ሐሳቡን አሜሪካዊው ፖል ባራንና የብሪታኒያው ዶናልድ ዴቪስ ለየብቻቸው ነው ያሰቡት። ከተሳቢ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ሻይ ለመጠጣት አይቆምም።

ለመኪኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ያወጡት ደግሞ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። አርፓኔት ጠቅልሎ ወደዚህ አሠራር የዞረው ጥር 1 ቀን 1983 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያ ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው የምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ ሆኖ ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር እ.ኤ.አ. በ1989 አሰበ። ማዕከሉ በ1993 ለዓለም በነጻ ለቀቀው። በነጻ! ክፍያ ቢጠይቁበት ኖሮ እኔም ኢንተርኔት ቤት አልከፍትም ነበር።

እኛ ጋ ቴሌ አገልግሎቱን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር፤ ደብዳቤው ተጠራቅሞ በስልክ ጥሪ ወደ ውጭ ይላካል። የባሕር በር ስለሌለን ዛሬም ባሕር ውስጥ የተዘረጋውን ኬብል የምናገኘው በጎረቤት በኩል ነው። አንዱ መግቢያችን ጅቡቲ ነው። ተሳቢውም ቪዲዮውም ከአንድ ወደብ ይነሳሉ ማለት ነው።

አሁን ስለ አንዲት ደንበኛዬ ላውራ። ስማቸውን አልጠራም። ልጃቸው ዓረብ አገር ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ልጁ በፈረንጅ ፊደል አማርኛ ይጽፋል። እሳቸው የሚያነቡት የኛን ፊደል ብቻ ስለሆነ እኔ አነብላቸዋለሁ። የልጁን ጉድ ሁሉ አውቅ ነበር። አንድ ቀን በአማርኛ ፊደል ላከ። ከፈትኩት፤ ፐርሰንት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ። "ምን አለ?" አሉኝ። "እማማ፣ አልመጣም" አልኳቸው። ተቆጡ። ተናግረውኝ ወጡ።

ጥፋቱ የልጁም የኔም አልነበረም። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ያኔ የአማርኛ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ፊደሉን በመሰለው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። ልጁ የጻፈበት እኔ ጋ ከሌለ የሚወጣው ጉድ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል ቁጥር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል አስገባ። ሀ 4608 ሆነች፣ ለ 4616። አዳማም ተጻፈ ቶኪዮ ያው ቁጥር ነው። መዝገቡ መውጣቱ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን መሳል አለበት። ቪስታ የሚባለው የኮምፒውተር ዊንዶውስ ሲመጣ ኒያላ የሚባል የኛ ፊደል አብሮት መጣ። እኔም ተበድሬ አንዱን ኮምፒውተር ቀየርኩ።

ልጁ በአዲሱ መንገድ እንዲጽፍ ላክሁበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እናትየው መጡ። ደብዳቤውን ከፈትኩላቸው። ሀ ሀ ሆና፣ ለም ለ ሆና ቁጭ ብላለች። እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ላነብ ስል፣ መነጽራቸውን አወጡ።

"አንተ፣ እስቲ ዞር በልልኝ" አሉኝ።

ያን ቀን ምን እንደጻፈላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አመሰግናለሁ።