መሀል የሚገባው ሰው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን ስለ አደራዳሪዎች ሳነብ ነው የከረምኩት። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰውን ነገር ላጫውታችሁ።

የተጣሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መፍትሔው ጠፍቷቸው አይደለም። ሁለቱም በግምት የት ላይ እንደሚጨርሱ ያውቁታል። ችግሩ ለዚያ ሰውዬ "እሺ" ማለቱ ነው። ለእሱ እሺ ከማለት ሞት ይሻላል! ለሦስተኛ ሰው እሺ ማለት ግን ያን ያህል አያምም። የአደራዳሪ ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

የካምፕ ዴቪድን ድርድር እንይ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1978 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የግብፁን ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳትንና የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊንን ካምፕ ዴቪድ ወደተባለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማረፊያ ጠሩ። ድርድሩ 13 ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊት አገናኟቸው። ጭቅጭቅ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ካርተር ሁለቱን ለያይተው ራሳቸው ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው መመላለስ ጀመሩ።

አሜሪካኖቹ አንድ ረቂቅ ጻፉ። "ተቀበሉት" አላሉም። "የቱ ጋ ነው የማይሆነው?" ብለው ጠየቁ። አስተያየት ሰብስበው ያርማሉ፣ ተመልሰው ያሳያሉ። ከ20 ጊዜ በላይ ተጻፈ። ብልሃቱ ገብቷችኋል? ወረቀቱ የግብፅም የእስራኤልም አይደለም። ስለዚህ መተቸት እንጂ መሸነፍ የለም። እሺ ወይም እምቢ የሚባለው መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው።

ካርተር ለቤጊን የልጅ ልጆች በየስማቸው ፎቶ ፈርመው ስለ መስጠታቸው ብዙ ይወራል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ እስራኤል ከግብፅ በያዘችው በሲና ምድር ላይ የሠራቻቸው ሰፈራዎች ጉዳይ ነው። ቤጊን "ሰፈራ አላፈርስም" ብለው ድርቅ አሉ። መውጫው ምን ሆነ? ውሳኔውን ለፓርላማቸው ያቅርቡ ተባለ። ክኔሴት አጸደቀው፤ በ1979 የሰላም ውሉ ተፈረመ። ቤጊን ቃላቸውን አላጠፉም፣ ሰፈራዎቹም ኋላ ላይ ፈረሱ።

ሁለተኛው ደግሞ አልጄሪያ ነው። በ1979 ቴህራን በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ ሰዎች ታገቱ። 52ቱ 444 ቀን ቆዩ። አሜሪካና ኢራን በቀጥታ ሊነጋገሩ አልቻሉም፤ መልእክት የሚያመላልሱት አልጄሪያውያን ነበሩ። በጃንዋሪ 1981 ስምምነቱ ሲወጣ የወጣው በአልጄሪያ መንግሥት መግለጫ መልክ ነው። ሁለቱ ባላንጣዎች አንዳቸው ለሌላው ሳይሆን ለአልጄሪያ ቃል ሰጡ ማለት ይቻላል።

እና ገለልተኝነት? እውነቱን ለመናገር ብዙ አያሳስበኝም። ካርተር ምኑን ገለልተኛ ናቸው? አሜሪካ የእስራኤል ወዳጅ ነች፣ እርዳታ የምትሰጥም እሷ ነች። ሁለቱም ወገኖች "ይሄ ሰው ያልኩትን ሳያዛባ ያደርስልኛል" ብለው ካመኑ ይበቃል። ማን ጠረጴዛው ላይ አልተጠራም የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ካምፕ ዴቪድ ላይ ፍልስጤማውያን አልነበሩም። ስለ እነሱ የተጻፈው ክፍል ወረቀት ላይ ቀረ።

ደግሞ ተደራዳሪው አለ። የእሱ ጭንቀት ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ከኋላው ያሉት ናቸው። ሳዳትን በ1981 የገደሏቸው የራሳቸው አገር ወታደሮች ነበሩ። አደራዳሪውም ቢሆን አይተርፍም። የተባበሩት መንግሥታት አደራዳሪ ፎልክ በርናዶት በ1948 ኢየሩሳሌም ውስጥ ተገደሉ። ሥራውን የቀጠሉት ራልፍ በንች በቀጣዩ ዓመት በእስራኤልና በዓረብ ጎረቤቶቿ መካከል የተኩስ አቁም ስምምነቶችን አስፈርመው በ1950 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

እኔም በትንሹ ቀምሼዋለሁ። ሁለት ወዳጆቼ አብረው የጀመሩትን ሥራ ሲያፈርሱ መሀል ገባሁ። ገንዘቡን ወዲያው ተካፈሉ። የከረሙት ለደንበኞቻቸው በሚላከው ደብዳቤ ላይ ነው። "ተስማምተው ተለያዩ" ይባል ወይስ "እከሌ ለቀቀ"? ውጭ ላለ ሰው ተራ ነገር ነው። ለእነሱ ግን ጠቡ ያ ነበር። ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩት፣ ሁለቱም ተቹት፣ አንድ ቃል እየወጣ ሌላ እየገባ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ አስታርቀን የሚለኝ ሰው ሲመጣ "ምን ትፈልጋለህ?" ብዬ አልጀምርም። "ብትስማማ ቤት ገብተህ ለሰዎችህ ምን ትላቸዋለህ?" እላለሁ። አንዳንዱ ወዲያው መልስ አለው፤ ከእሱ ጋር ሥራው ቀላል ነው። መልስ የሌለው ካለ ግን ከሌላኛው ወገን ጋር ለማገናኘት አልቸኩልም።

ለዛሬ ይኼው ነው። ሳምንት እንገናኝ።