«ፋይን» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የምንግባባ የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ውሃ ላምጣልሽ ወይ ስላት «አይም ፋይን» አለችኝ። ባመጣላት ግን አልነካችውም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋት የለብዎትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ላምጣልሽ፣ ላግዝሽ ለሚል ጥያቄ «አይም ፋይን» ከተባለ «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። የምትናገረው ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ራሷ ነው፤ «እንዲሁ ደህና ነኝ፣ የጎደለኝ የለም» ማለቷ ነው። ሰኞ እንገናኝ ብለዋት «መንደይ ኢዝ ፋይን» ብትል ግን ሰኞ ይመቸኛል ማለቷ ነው። ስለዚህ ፋይን የተባለው ማን ወይም ምን እንደሆነ ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ፋይን ጥሩ ማለት ከሆነ የገንዘብ ቅጣት እንዴት ፋይን ተባለ?

መልስ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው! ሁለቱም የመጡት ከላቲኑ «ፊኒስ» ነው፤ ማብቂያ፣ ዳርቻ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በመካከለኛው ዘመን የሕግ ቋንቋ ፋይን ሙግትን የሚቋጭ ስምምነት ነበር፤ ጉዳዩን ለመዝጋት የሚከፈለውም ገንዘብ በዚያው ስም ተጠራ፣ ኋላም ቅጣት ሆነ። ጥሩ የሚለው ፍቺ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከተሠራ ነገር የመጣ ነው፤ እኛ «ጣጣውን የጨረሰ» እንደምንለው። ፊኒሽና ፋይናል የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በየቀኑ የምንጠራው ፋይናንስም ዕዳን ከፍሎ ከመጨረስ የተወለደ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ለረጅም መልእክቴ «ፋይን» ብቻ ብላ መለሰችልኝ። ተቀይማ ይሆን?

መልስ፦ ይህ ፋይን የእኛ «ይሁን» ነው። በፈገግታ ሲሉት እሺታ ነው፤ ቆረጥ አድርገው ሲሉት «ባልወደውም ተቀብያለሁ» ይሆናል። ጽሑፍ ደግሞ ድምፅ የለውም። እባክዎ ደውለው ያናግሯት፤ በአንድ ቃል ወዳጅ አይጠርጠሩ።

ጥያቄ፦ «ፋይን ሳንድ» ጥሩ አሸዋ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ደቃቅ አሸዋ ነው። ለፀጉር ሲሆን ስስ፣ ለዱቄት ሲሆን ልም እንላለን። «ፋይን ፕሪንት»ም ያማረ ኅትመት ማለት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ውል ላይ በጥቃቅን ፊደል የሚሰፍረው ዝርዝር ነው። ግዴታው የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ ሳይፈርሙ በፊት ያንን ያንብቡ።